ሐበሻ ዶሮና ፍላት ቶፕ ጊታር

ሰው ስም የሚወጣው ለአዲስ መጤ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን አዲስ በመጣ ቁጥር ስሙ የሚለወጥበት ነባሩ ነው እላለሁ። የፈረንጅ ዶሮ እኛ ከተማ መካነ ሰላም ሳይገባ «ሐበሻ ዶሮ» ያለ ማን ነበር? ዶሮ ዶሮ ነበረች፤ አበቃ።

ይህን ጥበብ ያገኘሁት ከባሌ ታናሽ ወንድም ከዘሪሁን ነው። አዲስ አበባ ጊታር ይጫወታል። ሊጠይቀን መጥቶ ሲሰነብት ጊታሩን ምሰሶው ላይ ሰቀለ፤ ሣጥኑን ክዳኑን ሳይገጥም ከጎታው ኋላ ወሸቀው። ጊታሩ «ፍላት ቶፕ» ይባላል አለን። እንግሊዝኛን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰናብቼዋለሁና ትርጉሙን ጠየቅሁት። «ፍላት» ጠፍጣፋ፣ «ቶፕ» ላይኛው ፊቱ ነው አለኝ። ባለቋንቋዎቹ ድሮ ጊታር ብቻ ይሉት ኖሯል። ኋላ እንደ ቫዮሊን ፊቱ ጎበጥ ያለ ሲመጣ፣ ምንም ያልሆነው ነባሩ «ፊተ ጠፍጣፋ» ተብሎ ቁጭ። እንዲህ የሚያስረዳ አስተማሪ ገጥሞኝ ቢሆን ዘጠነኛ ክፍልን ባየሁት ነበር።

«እንደ ሐበሻ ዶሮ በለኛ» አልኩት።

«ወንድሜ ያገባው ሊቅ ነው» ብሎ ሳቀ።

ዶሮ አፌ ላይ የመጣችው ያለ ነገር አይደለም። ካሉን ዶሮዎች ሐበሻዋ አንዲት ናት። የፈረንጆቹ እንቁላል ይጥላሉ እንጂ መታቀፍ አልተጻፈላቸውም፤ የጫጩት ተስፋዬ እሷው ናት። አማቴ ግን ለዘሪሁን መሸኛ እሷ ትታረድ ብለው ቆረጡ። ለልጃቸው መኖ መኖ የሚል ወጥ እንደማያበሉ ተናገሩ። የክብርን ጣጣ አያችሁ? የተናቁት ቆጥ ላይ ያንቀላፋሉ፤ ለተከበረችው ቢላዋ ይሳልላታል።

በመሸኛው ጠዋት ዶሮዋ ጠፋች። አማቴ ጎረቤቱን በአፋቸው፣ እኔን በዓይናቸው ጠየቁ። ወላሂ አላየኋትም ብል ማን ያምነኛል? ኋላ ዘሪሁን ጊታሩን ሊከት ሣጥኑን ሲጎትት፣ ሣጥኑ ተቆጥቶ ጮኸበት። ለካ እመቤቲቱ ሣጥኑ ውስጥ በተነጠፈው ቀይ ከፈይ ላይ እንቁላሎቿን ታቅፋለች። አማቴ እጃቸውን ሲሰዱ ዘሪሁን ክዳኑን ያዘ።

«እማ፣ ይቺ የኔ እንግዳ ናት። ወሎ ውስጥ እንግዳ ከተቀመጠበት ይነሣል እንዴ?»

አማቴ ወሎዬ ናቸው፤ እጃቸውን ሰበሰቡ። እሱም ምስር ወጡን በልቶ፣ ጊታሩን በጋቢ ጠቅልሎ የደሴን አውቶቡስ ያዘ።

ሰሞኑን ደወለ። ጫጩቶቹ እንደተፈለፈሉ፣ የፈረንጆቹም ሣጥኑ ውስጥ ለማደር እንደሚጋፉ ነገርኩት። ቆጡስ ምን ሆነ አለኝ።

«ምንም አልሆነም» አልኩት፤ «ስም ብቻ ወጣለት። አሁን የሐበሻ ቆጥ ነው የምንለው።»