የአንድ መስመር ሰው

አንድ መስመር ጽፎ የሚሞገስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ስሙ ሰሎሞን ነው፤ ጂቡቲ ውስጥ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ባለው የትራንዚት ቢሯችን አጠገቤ ይቀመጣል።

ሾፌሮች የጭነት ወረፋቸውን የሚያዩበትን ድረ ገጽ ላቤ ጠብ እስኪል እንደ አዲስ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሾፌሮቹ ግን አሮጌውን አድራሻ በወረቀት ጽፈው ጋቢናቸው ውስጥ ለጥፈውታል፤ ሲከፍቱት ባዶ ሆነባቸው። ይሄኔ ሰሎሞን ወደ አሮጌው አድራሻ የመጣውን ሁሉ ወደ አዲሱ የሚያዞር አንድ መስመር ሰርቨሩ ላይ ጻፈ። አንድ! አለቃችን ወይዘሮ ፋጡማ "ብራቮ ሰሎሞን!" አሉ። እኔስ? እኔማ ሻይ እንዳዝለት ታዘዝኩ።

ቅናት እንዳይመስላችሁ፤ ለፍትሕ ካለኝ ፍቅር የተነሳ በማግስቱ እኔም አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ከአዲሱ ወደ አሮጌው የሚመልስ። ሰሎሞን ለአንድ ሰዓት ቢያፍር ምን ይሆናል? ገጹ ከአሮጌው ወደ አዲሱ፣ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ሲመላለስ አረፈደ። ጋሽ ለማ የሚባሉ ሾፌር እየጮሁ ገቡ።

"ወረፋዬ አለፈኝ እኮ! አሁን በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን ልቃጠል ነው?"

ሰሎሞን መስመሬን አገኛት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አጠፋትና ለአለቃችን "ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አላቸው።

ወይዘሮ ፋጡማ እጁን ጨበጡት። "ጥፋቱን እንዲህ የሚያምን ሰው ከየት ይገኛል?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ከሱ ተማር!"

እስቲ ፍረዱኝ፤ ጥፋቴን እንኳ ወደ ራሱ አዙሮ ተሞገሰበት።