የጣሊያኑን ግጥም በአራራይ ዜማ

ለጠፋ ስክሪን፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ጣሊያንኛ ያንበለበለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ካላያችሁ ይኸው አለሁላችሁ። ዛሬ ጠዋት፣ እዚሁ ጎንደር፣ ምስክር ባለበት!

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ የምማረው የመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ሥነ ጽሑፍ ነው። (አዎ፣ "ምን ሊሠራልሽ?" የሚለውን ኮሜንት አውቀዋለሁ። አክስቴ ቀድማችኋለች።) እንግዲህ ጣሊያን አገር ሄዶ አንድ ሴሚስተር የመማር ዕድል መጣ። ቦታው አንድ፣ አመልካቾች አራት። ዛሬ የእኔ ኢንተርቪው ነበር።

እኔ ደግሞ የቅኔ መምህር ልጅ ነኝ። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ያደግሁት የአባቴ ተማሪዎች በቃላቸው ሲያጠኑ እየሰማሁ ነው። ለእኔ ማወቅ ማለት በቃል መያዝ ነው። ስለዚህ ሰባት ወር ሙሉ አንድ በሦስት ሦስት መስመር የሚሄድ የጥንት ግጥም ሸመደድኩ። ነጥብ ሳላስቀር!

ክፍሉ ውስጥ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። ከጣሊያን የምትጠይቀኝ ፕሮፌሰር ደግሞ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አለች። "እስቲ ስለ ግጥሙ ንገሪን" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ንገሪን ነው ያለችው። እኔ ግን ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ዐይኔን ጨፈንኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሠራው ሰውነቴ ነው። ድምፄ ሳላዘው ወደ ዜማ ገባ። ያውም አራራይ፣ ያ አንጀት የሚበላው የቤተ ክርስቲያን ዜማ። የጣሊያኑን ግጥም! እየተወዛወዝኩ!

ዐይኔን ስገልጥ ግድግዳው ባዶ ነው። መብራት የጠፋው ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ኖሯል።

"ምነው ዝም አላችሁኝ?" አልኩ።

የዲፓርትመንቱ ኃላፊ የኮላ ድባ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። "የሚያዜም ሰው አይቋረጥም ብዬ ነው" አሉኝ። ከልባቸው ነው ያሉት፤ የባሰውም እሱ ነው።

መብራት መጣ። ፕሮፌሰሯም ተመለሰች። እንደገና ልጀምር ስል እጇን አነሣች። "ግጥሙን እኔም አውቀዋለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

"ገጣሚው እንዳለው..."

"እሱን ተዪው። አንቺስ?"

ጭንቅላቴን ብፈትሽ የሌላ ሰው ቃል እንጂ የራሴ አንድም አልተገኘም። በመጨረሻ "በጣም እወደዋለሁ" አልኩ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ "ምክንያቱም" ብሎ ይቀጥላል።

"እናሳውቅሻለን" ተባልኩ። ሥራ ፈልጋችሁ የምታውቁ ይቺን ቃል ታውቋታላችሁ።

እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። አባባ ተማሪዎቹን አሰናብቶ ከሚያስተምርበት ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጧል። ሁሉንም ነገርኩት።

"ሸጋ ጥያቄ ነው የጠየቀችሽ" አለኝ።

ያጽናናኛል ብዬ እኮ ነው!

"ምነው ልጄ፣ እኔ ዘንድ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ምን ይባላል?"

"ተመለስና የራስህን ቁጠር" አልኩ አቀርቅሬ። ቅኔ ቤት ውስጥ አዲስ ቅኔ ማፍለቅ መቁጠር ይባላል። ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ከአጥሩ ማዶ ስሰማው ኖሬያለሁ። ለእኔም የተባለ አልመሰለኝም ነበር።

ፊቴን ታጥቤ ወደ ኃላፊው ተመለስኩ። "ውጤቱ የሚወሰነው ነገ ጠዋት ነው" አሉኝ። "ከዚያ በፊት የራስሽን ሐሳብ በአንድ ገጽ ካመጣሽ አያይዤ እልክላታለሁ። ዋስ ግን አልሆንሽም።"

ዋስ ማን ጠየቀ?

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ስድስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ሰባተኛው ላይ እንዲህ የሚል ወጣኝ፦ የእኛ ባለ ሦስት መስመር ቅኔ ሲያልቅ በሩን ይዘጋል። የጣሊያኑ ግጥም ግን የመካከለኛውን መስመር ቤት መምቻ ለሚቀጥሉት ሦስት መስመሮች ያወርሳል፤ በሩን ክፍት ትቶ ይሄዳል። ምክንያቱም የእነሱ ገጣሚ በግጥሙ ውስጥ ራሱ መንገደኛ ነው፤ የእኛው ግን ቆሞ ነው የሚቀኘው።

(ምክንያቱም! አያችሁልኝ?)

ለአባባ በአማርኛ አነበብኩለት። ጢሙን አሻሸ።

"ተሳስተሻል፤ ቅኔም ይጓዛል" አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ "ግን ከማንም አልወሰድሽውም" አለ።

አላረምኩትም። እንዳለ ለኃላፊው በኢሜይል ላክሁት።

እስቲ እናንተም ተናዘዙ፦ ከማንም ያልኮረጃችሁትን፣ የራሳችሁ የሆነውን ስህተት ለመጨረሻ ጊዜ የሠራችሁት መቼ ነው?