የጋሽ ይመር ምርቃት

ቆቦ ገበያ ምርቃት ሳይጨምር የሚሰፍር ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። ማሽላም ይሁን በርበሬ፣ ጣሳው ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ አንድ እፍኝ ይታከልበታል። ደግ ልማድ ነው። ለአሉሚኒየም ግን አይሆንም።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በዚሁ ነው፤ የቀለጠ አሉሚኒየም ደቃቅ የሴራሚክ ዱቄት ሲገባበት እንዴት እንደሚጠነክር። የተረፈኝን ዱቄት በላስቲክ ቋጥሬ ወደ ቆቦ ይዤ መጣሁ።

ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ሮቢት በኩል በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት ያለማሉ። ፓምፓቸው ውስጥ እየዞረ ውሃ የሚገፋውን ክንፍ አሸዋ በላባቸው። ሽንኩርቱ ራስ ሊይዝ ሲል ውሃ አጣ። አባቴ ደግሞ ሳይጠይቀኝ፣ “የኔ ልጅ መላ አታጣም” ብሎ ቃል ገባላቸው። ምን ላድርግ? አሮጌ ድስትና ፒስተን አቅልጦ አዲስ ዕቃ ወደሚሠራው ሰይድ ዘንድ ከጋሽ ይመር ጋር ሄድን።

ከአሥር እጅ አንድ እጅ ዱቄት መዘንኩ። አሞቅነው፤ ሰይድ የቀለጠውን አሉሚኒየም እያማሰለ ጨመረበት። “በቃ” አልኩ። ግን ለራሴ ነው ያልኩት።

ጋሽ ይመር ላስቲኩ ውስጥ የተረፈውን ዱቄት አዩና፣ “ምርቃት የለውም እንዴ?” አሉ።

“ለእርስዎማ አንሰስትም” አለ ሰይድ። አንድ እፍኝ ጨመረ። ደገመ።

ይህ ዱቄት እንደ ሽሮ ነው፤ ሲበዛ ይጓጉላል። በጓጎለበት በኩል ብረቱ ይሰነጠቃል። አውቃለሁ፤ ገጽ ሙሉ ጽፌበታለሁ። ታላቅ ሰው ማረም አፍሬ ጫማዬን አየሁ።

ክንፉ በሦስተኛው ቀን ለሁለት ተሰበረ። ሌላ እስኪሠራ አንድ መደብ ሽንኩርት ደረቀ። ጋሽ ይመር አልተቆጡም። “የአላህ ሥራ ነው” አሉ። የእኔ ሥራ መሆኑን ማን ይንገራቸው? ሄጄ ነገርኳቸው። የደረቀውን መደብ ብዙ ሲያዩ ቆዩና፣ “ታዲያ ያን ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?” አሉኝ።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እውነት ነው። ወርቅም ለብቻው ለስላሳ ነው፤ ጭነት አይችልም።

ሁለተኛው ሲሠራ የላስቲኩን አፍ ጨብጬ ቆምኩ። “ይበቃል” አልኩ፣ ሰይድ እስኪደነግጥ። ያ ክንፍ የተረፈውን ሽንኩርት ለምርት አደረሰ።

በኋላ ጋሽ ይመር ቤታችን ሽንኩርት ይዘው መጡ። ሳፋችንን ሞሉት። ሦስት ራስ ጨመሩ። ደገሙ። ቀና ብለው አዩኝና፣ “ዛሬስ ይበቃል አትይም?” አሉ።

ዝም አልኩ።