የእትዬ ኢሎና ቅቤ

ቀይ ወጥ ፊቱ ቀርቦለት አፍንጫውን ለመጥረግ ያልተዘጋጀ ሐበሻ ካለ እስቲ ንገሩኝ። እኔማ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ቤት የተከራየሁ ሰሞን፣ አከራዬ እትዬ ኢሎና የመጀመሪያውን ሳህን ሲያቀርቡልኝ መሐረቤን አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነበር። ድልህ የመሰለ ቀይ ነው። ጎረስኩ። ጠበቅኩ። ምንም የለም። እንዲያውም ጣፈጠኝ። ቀልቶ የማያቃጥል ነገር ያን ቀን አየሁ።

እትዬ ኢሎና የሃንጋሪ ሰው ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል፣ ቁጣቸው ግን የሃያ ዓመት ነው። ወጣቸውን ጉላሽ ብዬ ባሞግስ ማንኪያ ይዘው መጡብኝ። ጉላሽ ሾርባ ነው፣ ይሄ ፐርከልት ነው፣ ይህን የማይለይ ሰው ቤቴ አይከራይም አሉ። አልፈረድኩባቸውም። ምንቸትና ቅቅል አንድ ናቸው የሚል ፈረንጅ ቢገጥመኝ እኔስ ዝም እለው ነበር?

አሠራራቸው ግን የኛው ነው ማለት ይቻላል። ሽንኩርቱን አድቅቀው ይከትፋሉ፣ ሳይቸኩሉ ያቁላላሉ። ከዚያ ድስቱን ከእሳት አውርደው ፓፕሪካ የሚባለውን ቀይ ዱቄታቸውን ይነሰንሳሉ፤ እሳት ላይ እንዳለ ከገባ ይመርራል ይላሉ። ሥጋው ቀጥሎ ይገባል። በጎን ደግሞ ኖከድሊ የምትባል፣ ሊጥ በፈላ ውሃ ላይ እያንጠባጠቡ የሚሠሯት ነገር አለች። ማቁላያው በቆርቆሮ የተቀመጠ ነጭ ቅቤ ነው። ስምንት ወር ሙሉ «አይ ቅቤ!» እያልኩ ሳህኔን በዳቦ ስጠርግ ኖርኩ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ሰብለን ማግባት ፈልጌያለሁ። አባቷ ጋሽ መኮንን በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ አሁን ሳን ሆዜ በጡረታ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት እሳቸው በር ላይ ናቸው። ሽማግሌ ልልክ ስል፣ ሽማግሌማ ሁልጊዜ ያመሰግናል፣ መጀመሪያ የሚኖርበትን ቤት በዓይኔ ልየው አሉ። ችግሩ ሌላ ነው። ጨጓራቸውን አሟቸው ሐኪም በርበሬ ከከለከላቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። ሁለት ዓመት አልጫ የበላ ሰው ልጁን በደስታ ይሰጣል?

ሰብለ ፔጀር አድርጋኝ ብደውልላት፣ «ዳድ ምግብ ላይ በጣም ፒኪ ነው። ስፓይሲ ነገር እንዳታቀርብ፣ ፕሊስ። ካልወደደው በቃ፣ ኖ ይልሃል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ልቤ ሞላ። ቀይ ሆኖ የማያቃጥል ወጥ ቤቴ ውስጥ አለ።

ቅዳሜ ጋሽ መኮንን መጡ። ቀዩን ሲያዩ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ገላመጡኝ። ሊገድለኝ ነው ያሉ መሰለኝ። እባክዎ ይቅመሱት አልኩ። ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛ ሳህን። እትዬ ኢሎና እንደኛ ሰው «በቃኝ» የሚባል ቃል አይሰሙም፤ ሦስተኛ ጨመሩላቸው። እኔ ሠርጉን ማሰብ ጀመርኩ።

ደስ ብሎኝ ወደ ኩሽና ገባሁና እትዬ ኢሎናን፣ ይህን ቅቤ የት እንደሚገዙት ጠየቅኳቸው፤ ለጋሽ መኮንን ስጦታ ላደርገው። እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። የምን ቅቤ? የአሳማ ስብ ነው። ሥጋው የበሬ፣ ስቡ የአሳማ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የራሴን ስምንት ወር ከፈጣሪ ጋር እነጋገርበታለሁ። እኚያ ሳሎን ተቀምጠው ሳህን የሚጠርጉት ሰውዬስ? ፈራሁና ሳልነግራቸው ሸኘኋቸው። ረቡዕ ዕለት ስልክ ደወሉ። ቅዳሜ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ሽማግሌዎችህንም እዚያው ጥራቸው፣ ሴትዮዋ ያንኑ ይሥሩ አሉ። እትዬ ኢሎናን በዘይት ይሥሩልኝ ብላቸው፣ በዘይት የሚበላ ሰው ሌላ ቤት ይፈልግ አሉኝ።

ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል። የኔ ግን ጠባብ ነው። ሰውን እያወቅኩ አሳማ አብልቼ ልጁን ልውሰድ? ሐሙስ ከሥራ እንደወጣሁ ሳን ሆዜ ነዳሁና ሁሉንም ተናዘዝኩ።

ጋሽ መኮንን ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«እኔ ይህን አገር ስረግጥ አንተ አልተወለድክም» አሉ። «የአሳማ ስብና ቅቤ የማልለይ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ለምን በሉ?»

«ማን ነገረኝና! ያልተነገረኝን አላውቅም። የንስሐ አባቴም ያልነገርኳቸውን አያውቁም። ሁለት ዓመት አልጫ በልቼ አንዲት ድስት ባገኝ፣ እሷንም መጥተህ በምላስህ ደፋህብኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰብለን አጣኋት ብዬ ተነሣሁ፤ እንባዬም መጥቶ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ።

«እውነተኛ ልጅ ነህ። ለሰብለ ጥሩ ነው» አሉ። «ለኔ ግን ሁለተኛ እውነት እንዳትነግረኝ። የቅዳሜውን እናያለን።»

ቅዳሜ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተሰየሙ። ድስቱ ቀረበ። ጋሽ መኮንን ሳህናቸውን አስጠግተው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁኝ፤ «በቅቤ ነው የተሠራው?»

«በለጋ ቅቤ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

ሰብለን የሰጡኝ ያን ጊዜ ነው።