ቁጥር እምቢ ያሉት አያ ፈንቴ

እንጅባራ ላይ ብቻችሁን ምሳ በልታችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። አስተናጋጇ ትመጣና ፊት ለፊታችሁ ያለውን ባዶ ወንበር ታየዋለች። ሰው እየጠበቁ ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች። አይ ማለት ያሳፍራል። አዎ፣ ይመጣል እላለሁ። ከዚያ የማይመጣውን ሰው ስጠብቅ ሽሮዬ ይቀዘቅዛል። በእንጅባራ ብርድ ደግሞ ሽሮ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አይፈጅበትም።

ከባሕር ዳር የመጣሁት ለሥራ ነበር። ሥራዬ ዳታቤዝ፣ ማለትም የኮምፒውተር መዝገብ፣ ማስተዳደር ነው። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ «ኮምፒውተር ይጠግናል» ትላለች፤ ለማረም ሞክሬ ደከመኝ። ከሥራ መልስ ስትደውል ከሰው ተግባባህ ወይ ትለኛለች። ኔትወርኩ በጊዜው ተቆርጦ ያድነኛል። እምቢ ካለም ራሴ እቆርጠዋለሁ።

ያን ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ለገበሬዎች የጤና መድን መታወቂያ ያዘጋጅ ነበር። የየቤቱ መረጃ ከገባ በኋላ አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ። ያኔ ስቶርድ ፕሮሲጀር የሚባለው፣ በዳታቤዙ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ የትእዛዝ ጥቅል፣ ሁሉንም አንብቦ፣ ደምሮ፣ መታወቂያውን ያሰናዳል። የጎረቤታችን ከተማ የጥሊሊ ተራ ደርሶ ብንጫነው አሻፈረኝ አለ። የስህተት መልእክቱ ወደ ሰው ቋንቋ ሲመለስ፣ ቁጥር ስጡኝ ስላችሁ ፊደል ሰጣችሁኝ ማለት ነው። ማን ቤት? አይናገርም። አኩርፎ ዝም! በዚያ አንድ ስህተት የተነሳ የጥሊሊ መታወቂያ በሙሉ ቆመ።

እንዲህ ያለውን ስህተት መፈለጊያው ዘዴ ቀላል ነው። መዝገቡን ለሁለት ትከፍሉና ግማሹን ትሞክራላችሁ። ካለፈ፣ ጥፋቱ ያለው በሌላው ግማሽ ነው። ያንንም ትከፍሉታላችሁ። ስከፍል፣ ስከፍል፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ብቻቸውን ቀሩ። አያ ፈንቴ ይባላሉ። የቤተሰብ ብዛት በሚለው ቦታ ቁጥር የለም። «ከእግዜር ጋር» ይላል።

መረጃውን ያስገባችው ስመኝ ናት፤ ከጎኔ የምትሠራ፣ ጾም የማታፈርስ ልጅ። ምን ነካሽ አልኋት። ሽማግሌው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ስንት ናችሁ ብላቸው እኔና እግዜር አሉኝ አለች። «አንድ ብዬ ብጽፍ እግዜርን መካድ ነው። ሁለት ብዬ ብጽፍ ለእግዜር መታወቂያ ልናወጣለት ነው!»

አንድ ብዬ ልሙላው ስል እጄን ያዘችው። ያለ ባለቤቱ ቃል መረጃ አይነካም፤ ደንብ ነው። በዚያ ላይ አያ ፈንቴ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው፣ ለመታከም ይህንኑ መታወቂያ ነበር የሚጠብቁት። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጥሊሊ ወረድሁ።

ቤታቸው ከከተማው ዳር ነው። ደጁ ላይ ያረጀ ፈረስ ታስሯል። እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው የእኔን ኮቴ ያዳምጣሉ። ነገር ሁሉ እንደ ጥላ ነበር የሚታያቸው፤ እኔም አንዱ ጥላ ሆንሁ። የመጣሁበትን ነገርኋቸው። ኮምፒውተሩ ከቁጥር ሌላ አይገባውም፣ አንድ ልበልዎት ወይ አልኋቸው።

«ሚስቴን ቀበርሁ» አሉ። «ልጆቼ ሥራ ፍለጋ ሄደው ቀሩ። ይህን ሁሉ ችያለሁ። አንድ ነኝ ብዬ በገዛ አፌ ከተናገርሁ ግን ማን እንቅልፍ ይሰጠኛል?»

እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ነገሩን ወደ ሳቅ ልመልስ ብዬ ፈረሱን ብንቆጥረውስ አልሁ። ፈረስ ሐኪም ቤት ምን ይሠራል ብለው ተቆጡኝ። ቢሆንም ሳይበላ የሚሄድ እንግዳ አይወዱም፤ በዳበሳ ገብተው ቅቅል ድንች ከነአዋዜው አመጡ። ስንበላ፣ «አንተስ ከማን ጋር ትኖራለህ?» አሉኝ።

«ብቻዬን» አልሁ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ቃል ከድንቹ ጋር ሾልኮ ወጣ።

ጥቂት አላመጡና፣ «በል ሁለት ብለህ ጻፍ» አሉ። «አሁን ሁለት አይደለንም? ውሸት ነው?»

ዙሪያዬን አየሁ። እውነት ሁለት ነበርን።

ቢሮ ተመልሼ ሁለት ብዬ አስገባሁ። ፕሮሲጀሩ ቁጥሩን ዋጠና ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ የሁለተኛው ሰው ስም የታል? ስመኝ አየችኝ። እግዜርን ብንጽፍ ፎቶግራፍ ይጠይቃል አለች። እኔ ምን ላድርግ? የራሴን ስም ጻፍሁ። ዝምድና ለሚለው፣ ልጅ አልሁ። ከደንብ ውጪ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ሌላ የምጽፈው ሰው ግን አልነበረም። የጥሊሊ መታወቂያም ያለ አንዳች ቅሬታ ወጣ።

አያ ፈንቴ ታከሙ። ሞራው ተገፎላቸው ቤታቸው ሲገቡ፣ ልጅ ነኝና፣ ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ማን መሆኔን ስነግራቸው ብድግ አሉ። ትከሻዬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ። ከግንባሬ እስከ አገጬ ቀስ ብለው አዩኝ። የሚመርቁኝ መስሎኝ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

«ወይ ልጄ» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ይህን መልክህን ቀድሜ አይቼው ቢሆን፣ አንድ ነኝ ብዬ እገላገል ነበር!»