የሰብለ ግራ ክንድ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የተማረች ሴት ጥቂት ትወልዳለች ሲባል፣ ፊደል ራሱ ገብቶ ማህፀን የሚቆልፍ ይመስላችኋል? በሰው አገር ሳረጅ ያነበብኳቸው መጻሕፍት እንደዚያ ያስመስሉታል፤ ልጅቷ ክፍል በጨመረች ቁጥር የምትወልደው ይቀንሳል፣ ከተማውም ያልፍለታል። በመካከሉ ስላለው ፍርሃት አንድ መስመር የጻፈ አላየሁም።

ፍርሃቱን ያየሁት በዚህ ክረምት እንጅባራ፣ በእህቴ ልጅ በሰብለ ቤት ነው። ከሁለት ሴት ልጆቹ እኔን አባታችን ትምህርት ቤት ሰደደኝ፤ እህቴን ዳራት፤ ሰባተኛዋን ስትወልድ ሞተች። ሰብለ ግን የሒሳብ አስተማሪ ናት። አንዲት ልጅ ወልዳ፣ ባሏ ሳያውቅ ግራ ክንዷ ውስጥ የእርግዝና መከላከያ አስቀብራለች። "ምነው አላረገዝሽም?" ባላት ቁጥር "እግዜር ያውቃል" ትለዋለች። ዋሸች አይባልም፤ እግዜር በእርግጥ ያውቃል።

ታዲያ ሰብለን ብርድ መታትና አማቷ ወይዘሮ የሻረግ ከጥሊሊ በሚኒባስ ከተፍ አሉ፣ ቅቤያቸውን በቅል ይዘው። በእኛ አገር ብርድ የመታው ሰው በቅቤ ይታሻል። አማት ላሽሽ ስትል እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው።

"አንድ ዓይን ያለው ባፈር አይጫወትም፣ ልጄ! አንድ ልጅ ይዞ መቀመጥ ምንድን ነው?" እያሉ ከእግሯ ጀመሩ። ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ። እጃቸው ወዴት እንደሚያመራ እኔም ሰብለም እናውቃለን።

"ክንዷን ይተዉት፣ እሱ ደህና ነው" አልኩ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ!

እጃቸው ግራ ክንዷ ላይ ቆመ። የክብሪት እንጨት የሚያህለውን ነገር አንዴ ዳበሱት። ከዚያ የራሳቸውን እጅጌ ሰብስበው የተኮማተረ ጠባሳ አሳዩን።

"ሟቹ ባሌ ሲያገኝብኝ በምላጭ አወጣው" አሉ። "ከዚያ በኋላ ሁለት ወለድኩ።"

"የእኔ ባል እኮ የተማረ ነው፣ እማማ" አለች ሰብለ በቀጭን ድምፅ።

"አባቱም እስኪያገኘው ድረስ ደግ ሰው ነበር።"

ይሄኔ ደጅ ላይ ባጃጅ ቆመ። ልጃቸው ገባና "የቱ ጋ ነው ያመመሽ?" ብሎ እጁን ወደ ሚስቱ ክንድ ሰደደ። እናቱ በቅቤያም እጃቸው መቱት።

"ተው! ሸሚዝህን ልታበላሽ ነው!"

ሳቀና ወደ ጓዳ አለፈ። ዛሬስ ቅቤ አዳነን። ነገ ግን እጁም የእሱ፣ ክንዱም የሷ፣ አልጋው የጋራ ነው።

ወይዘሮ የሻረግ ፊቴን አይተው ሹክ አሉኝ፤ "እኔ እንኳ ባሌን ሲሞት ይቅር ብዬዋለሁ፣ እትዬ። እርስዎም ልብዎን ያሳርፉ።"

አላሳርፍም። ምላጭ የያዘውንም፣ የወይዘሮ የሻረግን ጩኸት ሰምተው በራቸውን የዘጉትን ጎረቤቶችም፣ ፊደል ቆጥሬ ሄጄ እህቴን ዞር ብዬ ያላየሁትን እኔንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።