ጋሽ ተፈራ የመረጡልን ኪቦርድ

ሚስት ለመምረጥ የቸኮለ ሙዚቀኛ ብዙ አውቃለሁ። ኪቦርድ ለመምረጥ የቸኮለ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሚስቱን በአንዱ ሠርግ አይቶ በሌላው ሠርግ የሚያገባ ሰውዬ፣ ኪቦርድ ሲገዛ እንደ በሬ ነጋዴ ጥርስ ካልቆጠርኩ ይላል። ምን ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቁልፎቹን ይነካል፤ ለጣት ከበድ ይላሉ ወይስ እንደ ልጅ መጫወቻ ቷ ቷ ይላሉ? ቀጥሎ «ችክችካ አለው?» ብሎ ይጠይቃል። የዓለም ምት ሁሉ ተጭኖበት ችክችካ የሌለው ኪቦርድ፣ ቅቤ እንጂ በርበሬ የሌለበት ወጥ ነው። ከዚያ ቅኝት ይመጣል። አንቺ ሆዬን ሲጫወቱበት ድምፁን ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ ለማድረግ ይፈቅዳል? ክራሩ ክራር ነው ወይስ የተቆጣ ጊታር? ማሲንቆው ያለቅሳል ወይስ ያፏጫል? መብራት ሄዶ ሲመጣ ያስቀመጡበትን ያስታውሳል ወይስ እንደ ባለሥልጣን ሁሉንም ይረሳል? በመጨረሻም የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጥያቄ አለ፦ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ተሸክሜው እወጣለሁ ወይ? የሠራው ፈረንጅ ይሄን አላሰበበትም።

እኔ የሠርግ ዘፋኝ ነኝ። «ዘፋኝ ነኝ» ብቻ ስል የሚያርሙኝ ወዳጆች ስላሉ ነው ሙሉውን የነገርኳችሁ። ከኪቦርድ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትራንስፖዝ የምትባለዋን ቁልፍ። እሷ ስትጫን ዘፈኑ እንዳለ ዝቅ ይላል፣ ሰው ደግሞ ምንም አያውቅም። ድሮ እንጦጦ አናት ላይ ይደርስ የነበረው ድምፄ ዛሬ የካ ሚካኤልን ሳያልፍ ያለከልካል። ያቺን ቁልፍ የፈጠረ ሰው ነፍሱን ይማረው፤ በሕይወት ካለም ዕድሜ ይስጠው።

ድሮ ሠርግ ስንሄድ ሚኒባስ እንሞላ ነበር። በኋላ ምት የሚመታ ኪቦርድ መጣና ድራመራችንን ሸኘነው። ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ቤዝ መጫወት ሲጀምር ደግሞ ቤዚስቱ ተከተለ። ትራምፔት ነፊው ምን እንዳደረገን አሁን አላስታውስም፤ ብቻ እሱም ሄደ። ሁሉንም ስናሰናብት የምንለው አንድ ቃል ነበር፦ «አዳራሹ ጠባብ ነው።» ሲ.ኤም.ሲ ላይ ያሉት አዳራሾች ግን ከዓመት ዓመት እየሰፉ ነበር። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? የቀረነው ላስን። የእያንዳንዳችን ድርሻ ስለጨመረ ጣፈጠን እንጂ ጨው ጨው አላለንም።

ሦስት ሆነን ቀረን፤ ኪቦርዲስቱ ናቲ፣ እኔ፣ እና ሳክስፎን የሚነፉት ጋሽ ተፈራ። ጋሽ ተፈራ በወጣትነታቸው በወታደር ባንድ ውስጥ ኖታ እያነበቡ ያደጉ ሰው ናቸው። አሁን መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሴት ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። በሌላ ቀን የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጡ፣ ሶፋ ላይ ዳር ይዘው የሚቀመጡ ጥገኛ ሽማግሌ ናቸው። የሠርግ ቀን ግን ሱፋቸውን ግጥም አድርገው፣ የሳክስፎን ሳጥናቸውን አንጠልጥለው ከቤት ሲወጡ ልጃቸው ራሷ በር ድረስ ትሸኛቸዋለች። ያ ቀን ከተወሰደባቸው ምን እንደሚቀራቸው እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ በጉልበት ሲመለስ የናቲን ኪቦርድ አቃጠለው። አዲስ መግዛት ግድ ሆነ። በእኛ ሙያ ደግሞ ደንብ አለ፤ ዕቃ ሲገዛ የሚፈርደው በዕድሜ የበለጠው ጆሮ ነው። ናቲም እንደ ደንቡ «ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ጆሮ አልገዛም» ብሎ ይዟቸው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። ዳኝነቱን ለባለጉዳዩ እንደሰጠነው ያኔ ማንኛችንም አላሰብንም።

ሻጯ ከዱባይ ዕቃ የምታመጣ ሴት ነች። ሲ.ኤም.ሲ ያለው ቤቷ ሳሎን ውስጥ ሁለት ኪቦርድ ጎን ለጎን ዘርግታ ጠበቀችን። ናቲ ሁለቱንም ፈተነ። ችክችካው ሁለቱም ላይ ሸጋ ነው፤ ማሲንቆው ያለቅሳል፤ ትራንስፖዟም በየቦታዋ አለች። ከዚያ ወደ ሳክስፎኑ መጣ።

የፊተኛው ኪቦርድ ሳክስፎን፣ ምን ልበላችሁ፣ ገልባጭ መኪና የኮተቤን መንገድ ዘግቶ ሲያንባርቅ ነው። ሻጯ እንኳን አፍራ «ሌላም ድምፅ አለው» አለች። ሁለተኛው ላይ ናቲ ጣቱን ሲያሳርፍ ግን ሻጯም ቀና አለች። ይተነፍሳል! በድምፅና በድምፅ መካከል ሰው አየር ሲስብ የምትሰማዋ ትንሽ ሽውታ ሳትቀር አለች። ጋሽ ተፈራን አየኋቸው። ፊታቸውን በመስኮቱ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ አዙረዋል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን ጉልበታቸው ላይ ዜማውን ይከተላሉ። ደስ ብሏቸው ነበር። አንጀቴን የበላኝም ይኸው ነው፤ ጠላታቸውን ሰምተው ደስ አላቸው።

«እሺ ጋሼ፣ የቱን ልውሰድ?» አለ ናቲ።

ጣቶቻቸው ቆሙ። «የፊተኛውን» አሉ።

«ሳክስፎኑ ግን...»

«ሳክስፎን ምን ያደርግልሃል? እኔ አለሁልህ አይደል? ይሄኛው ቅኝቱ አይጨበጥም። ዛሬ ያባብልሃል፣ ከርሞ ያዋርድሃል።»

እየዋሹ ነበር። ጆሮ አለኝ፤ ድምፄ ቢያረጅም ጆሮዬ አላረጀም። ናቲ አንዴ እኔን አየኝ፣ እኔ ደግሞ የሻጯን መጋረጃ አየሁ። ናቲም የጋሼ ጆሮ አይሳሳትም ብሎ የፊተኛውን ገዛ። ጋሽ ተፈራ አንዱን ጫፍ ራሳቸው ተሸክመው እስከ መኪናው አደረሱት። ያን ቀን እንደ ጎረምሳ ነበር የሚራመዱት።

ኪቦርዱን ያሟሸነው ከየካ ሚካኤል በላይ በነበረ ሠርግ ላይ ነው። የሙሽራው ቤተሰብ ድሮ እዚያው የሚያርስ ነበር፤ ከተማው እርሻውን በልቶ ግቢውን ተወለት። በዚያች ግቢ ድንኳን ተጥሎ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እየዘፈንን ምሳ ደረሰ። የሠርግ ሙዚቀኛ የሚበላው በተራ ነው። የጋሽ ተፈራ ተራ ሲደርስ ሳክስፎናቸውን ወንበር ላይ አስተኝተው ወደ ድንኳኑ ጥግ ሄዱ።

ይሄኔ የሙሽራው አጎት አቶ ደበላ ተነሡ። ቁመታቸው የድንኳኑን ምሰሶ የሚያህል፣ ሲደሰቱ የሚሸልሙ ሰው ናቸው። «እስቲ ያቺን በሳክስፎን የምትነፋዋን!» አሉ። ናቲ ወደ ጥጉ ቢያይ ጋሽ ተፈራ ገና እጃቸውን መታጠባቸው ነው። ባለ ሠርግ አይጠበቅም። የሳክስፎኗን ቁልፍ ተጫናት።

ገልባጩ መኪና ድንኳኑ ውስጥ ገባ። እኔ በአፍረት ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን ይስቃሉ፣ አሁን ይጮኹብናል ስል፣ ሰዉ ግር ብሎ ተነሣ። ጨፈሩ! ሚዜው ኮቱን አወለቀ፣ እናቶች እልል አሉ። አቶ ደበላ ዓይናቸውን ከድነው፣ አንገታቸውን እየሰበቁ መጡና ብር አወጡ፤ በምላሳቸው አርጥበው የሚሸልሙትን ነፊ ፈለጉ። እኔ ማይክ ይዣለሁ። ወንበሩ ላይ ሳክስፎኗ ብቻዋን ተኝታለች። ዘወር ብለው ብሩን ናቲ ግንባር ላይ ለጠፉት።

«አቤት ትንፋሽ! መንፋት እንዲህ ነው እንጂ! ዕድሜ ይስጥህ ልጄ!» አሉት። ናቲ አፉ ግጥም እንዳለ ነው።

ጋሽ ተፈራ የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሱት።

ሠርጉ ሲያበቃ ናቲ ኪቦርዱን ጭኖ ሄደ። እኔና ጋሽ ተፈራ ወደ መገናኛ የሚወስድ ታክሲ ፍለጋ ቁልቁለቱን ወረድን። አላስችል ሲለኝ «ጋሼ፣ ሰዉ እኮ ጠጥቶ ነበር» አልኳቸው።

«እኔንስ ሲሸልመኝ የኖረው ጠጥቶ አይደል?» አሉ።

ታክሲው ቆሞ እግራቸውን ሲያነሡ ዞር አሉና «ሁለተኛውን ነበር ማስገዛት» አሉኝ። «የተሻለኝ መጣ ብዬ በክብር ቤቴ እገባ ነበር።» ከዚያ ወዲህ ለሠርግ ብንጠራቸው ጉልበቴን አመመኝ ይላሉ። እኛም ደግመን አንለምናቸውም።

አሁን የምንሠራው እኔና ናቲ ነን። ሥራ ሞልቷል። ኪቦርዱን ያየ ሁሉ ሲያደንቅለት ናቲ «ጋሽ ተፈራ ናቸው የመረጡልኝ፣ ጆሮ ማለት የእሳቸው ነው» ይላል፤ ከልቡ ነው የሚለው። በቀደም ልምምድ ላይ «አንድ ነገር ላሳይህ» አለኝና አንዲት ቁልፍ ተጫነ። የሰው ድምፅ ነው፤ አ... እያለ ይዘፍናል። «ሲደክምህ ያግዝሃል» አለኝ ልጁ፣ አዝኖልኝ።

ደግሜ ደጋግሜ አዳመጥኩት። የሰው ድምፅ ጨርሶ አይመስልም፤ ገመድ ያነቀው ፍየል ነው። ድሮ ቢሆን ስቄ እተወው ነበር። አሁን ግን ያ ገልባጭ መኪና ድንኳን ሙሉ ሰው ሲያስጨፍር አይቻለሁ፤ የፈራሁት አለመምሰሉን ነው።